የዘለልኩት ጥያቄ

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ሃምሳ ዓመት ያህል የፈጀብኝ ስለማፍርበት ነው። ምኑ እንደሚያሳፍረኝ አንብባችሁ ስትጨርሱ ይገባችኋል። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ። የከተማዋንም ስም አልጠራም፤ ከጢቾ ወዲህ ያለች፣ ገብስና ስንዴ የሚበቅልባት ብርዳማ ከተማ ናት ካልኩ ይበቃል። ታሪኩ የሚመለከታት ልጅ ዛሬ የልጅ ልጅ ያየች ሴት ናት፤ በእኔ ብዕር ሰበብ ማንም እንዲጠቋቆምባት አልፈልግም።

ጊዜው ንጉሡ ከወረዱበት ለውጥ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ከጎጃም ወደ አርሲ የተመደብኩ የሳይንስ መምህር ነበርኩ። ኦሮምኛ አልችልም፤ በአካባቢው አንድም ዘመድ አልነበረኝም፤ ሚስትም አላገባሁም። ዘመኑ ደግሞ ሰው ሰውን የማያምንበት ነበር። አዲስ አበባ ላይ ተማሪ በተረበሸ ቁጥር በየገጠሩ ያለ መምህር ሁሉ በጎሪጥ ይታያል። በእረፍት ሰዓት አንድ ቦታ ተሰብስበን ሻይ ስንጠጣ ወሬ የሚጀምር ሰው ከተገኘ ሌሎቻችን ብርጭቋችንን እያየን ዝም እንል ነበር። ከመካከላችን አንዱ ጆሮ ጠቢ ስለመሆኑ ጥርጥር አልነበረንም፤ የትኛው እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ሰርኩላር መጣ። ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ጉርምስና፣ ስለ ወር አበባና ስለ መራቢያ አካላት የሚያስተምረው ምዕራፍ ከእንግዲህ እንዳይዘለል የሚያዝ ነበር። ምዕራፉ ድሮም መጽሐፉ ውስጥ ነበረ። ከእኔ በፊት የነበሩት መምህራን ግን ሁሉም ዘለውት ነው ያለፉት። እንዲያውም ካሉን መጻሕፍት በብዙዎቹ ላይ እነዚያን ገጾች የሆነ ሰው በሙጫ አጣብቋቸው ነው ያገኘሁት።

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አቶ ታደለ ሰርኩላሩን ቢሯቸው ጠርተው ሰጡኝና አንብቤ እንድፈርም አደረጉኝ። ለእሳቸው ፊርማ የተተወው ቦታ ባዶ ነበር። ወላጆችን ሰብስበን ብናስረዳቸውስ ብዬ ሐሳብ ሳቀርብ፣ የተኛውን አትቀስቅስ፤ ታዘዝክ፣ አስተምር አሉኝ። እሳቸውስ ለምን እንዳልፈረሙ ለመጠየቅ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፈራሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን በልቤ ጠረጠርኳቸው። ነገር ቢመጣ እኔ ላይ ብቻ እንዲያርፍ የተዘጋጀ ነገር እንዳለ ተሰማኝ።

በታኅሣሥ ወር ምዕራፉን ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ወንዶቹ ሲሳሳቁ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሲያደርጉ አለቀ። ስለዚህ ሰባቱን ሴቶች ለብቻ፣ ወንዶቹን ለብቻ አድርጌ ከክፍል በኋላ ማስተማር ጀመርኩ። ለሴቶቹም ለወንዶቹም ለየብቻ ባዶ የጠመኔ ካርቶን ክዳኑን ሸንቁሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አፍ አውጥቶ ለመጠየቅ የሚያፍር ሁሉ ስሙን ሳይጽፍ ጥያቄውን እንዲከትበት ነው። እያንዳንዱን ጥያቄ እንደምመልስም ቃል ገባሁላቸው።

ወረቀቶቹ መምጣት ጀመሩ። አብዛኛዎቹ የሚያስቁ፣ አንዳንዶቹ የሚያሳዝኑ ነበሩ። ከሴቶቹ ካርቶን ካወጣኋቸው መካከል ግን አንዱ አስደነገጠኝ። በጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ በቀለም ብዕር፣ እንዲህ ይላል፦ «የወር አበባ ካልመጣስ? ልጅቷ ምን ታድርግ?» ከሥሩ ሌላ መስመር ነበረው፤ እሱን ልብ ብዬ አላነበብኩትም። ዓይኔ «ምን ታድርግ» የሚለው ላይ ቀረ። ይህ የሕፃን ጥያቄ አይደለም አልኩ። የእጅ ጽሕፈቱም የአዋቂ መሰለኝ። አንድ ሰው፣ ምናልባትም ከመምህራኑ አንዱ፣ ስለ ማስወረድ ስናገር ሊይዘኝ ያስቀመጠው ወጥመድ ነው ብዬ ደመደምኩ። ወረቀቱን አጥፌ በተማሪዎች ስም መጥሪያ መዝገብ ሽፋን ውስጥ ሸጎጥኩት፤ ለሌሎቹ ጥያቄዎች በሙሉ መልስ ሰጥቼ ምዕራፉን ዘጋሁ። ሴቶቹ ሲወጡ አንዷ በሩ ጋ ትንሽ እንደዘገየች አስታውሳለሁ። ማን እንደሆነች ግን አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቀኑ በየካቲት ወር አንድ ሰኞ ነው።

መዲና የምትባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ፤ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ዝምተኛና ጎበዝ ናት። አባቷ ኦቦ ከድር የእህል ነጋዴ፣ በከተማዋ የራሳቸው የጭነት መኪና ካላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ናቸው። ኦቦ ማለት በአገሬው ቋንቋ አቶ እንደማለት ነው፤ እኔም እንደ ሰዉ ኦቦ ከድር እላቸዋለሁ። ሴት ልጅ ለምን ታስተምራለህ የሚሏቸውን ሁሉ ተከራክረው መዲናን እስከ ሰባተኛ ክፍል ያደረሱ ሰው ነበሩ።

የዚያን ሰኞ ጧት ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላዬ የሆነ ነገር ወደቀ። ዞር ስል መዲና በወንበሮቹ መካከል መሬት ላይ ተኮራምታለች። ጥርሷን ነክሳ ታቃስታለች። ሁለት ልጃገረዶች ደግፈው ሲያነሷት ሁልጊዜ የምትለብሰው ሰፊ ሹራብ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ሆዷ ተነፍቶ ታየ። ክፍሉ በሙሉ አየው። እኔም አየሁት።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያች ቅጽበት ወደ አእምሮዬ የመጣው «ልጅቷ ምን ሆነች?» የሚል አልነበረም። «ማን ይሆን ያደረገው?» ነበር።

ከልጃገረዶቹ ጋር ወደ ቤቷ ላክኋት። እኩለ ቀን ሳይደርስ ወሬው ከተማውን ሞላው። ከሰዓት በኋላ አቶ ታደለ አስጠሩኝ። ቢሯቸው ስገባ አንድ ፖሊስ ከጎናቸው ተቀምጧል።

«የሴቶችን ገላ ያስተማርከው መቼ ነው?» አሉኝ።

«በታኅሣሥ ነው። የሰውነት እድገት ምዕራፍ ነው ያስተማርኩት።»

«ሴቶቹን ለብቻቸው፣ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ሰብስበሃል?»

«አዎ፣ ሰብስቤያለሁ። ሰርኩላሩ ስለሚያዝ ነው።»

አቶ ታደለ ፖሊሱን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። «የቱ ሰርኩላር?» አሉ።

ፋይሉን እንዲያወጡ ለመንኳቸው። እሳቸው የፈረሙበት ሰርኩላር እንደሌለ ረጋ ብለው ተናገሩ። ቃላቸው ሐሰት አልነበረም፤ አልፈረሙበትማ። ፖሊሱ ቃሌን በዝርዝር ጻፈ፤ ነገሩ እስኪጣራ ከከተማ እንዳልወጣም አስጠነቀቀኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ሱቅ በራፍ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ወሬያቸውን አቋርጠው እስካልፍ ጠበቁ። ዘወትር ምሳዬን የምበላበት ምግብ ቤት ባለቤት ምግብ አልቋል አለችኝ፤ ከኋላዬ የገባውን ሰው ግን አስተናገደችው። ያን ቀን ያልጠረጠርኩት ሰው አልነበረም። የሒሳብ መምህሩ በመንገድ ሲያየኝ መንገዱን ቀየረ፤ እሱ ነው የልጅቷ ወዳጅ አልኩ። ደግሞ ጥቂት ቆይቼ አቶ ታደለ ራሳቸው ናቸው አልኩ። መዲናንም ጠረጠርኳት፤ ስሜን ጠርታ ይሆናል፣ ፈርታ ወይም ተገዳ እሱ ነው ብላ ይሆናል አልኩ።

ማክሰኞ ጧት ትምህርት ቤት እንዳልደርስ ተነገረኝ። ቤቴ ተቀምጬ ምን አስተማርክ ብባል የማሳየው ማስረጃ መፈለግ ጀመርኩ። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ስለነበርኩ የስም መጥሪያው መዝገብ እኔ ጋ ነበር። ሽፋኑ ውስጥ የሸጎጥኳትን ወረቀት አወጣኋት። ወጥመድ አጥምደውብኝ እንደነበር ታስረዳልኛለች ብዬ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱንም መስመር አነበብኩ። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ «አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። ግን በየወሩ ሆድ በጣም ያማል፤ ሆድም እየከበደ ይሄዳል።»

ወረቀቷን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ያላረምኩትን የተማሪዎች ፈተና አውጥቼ አንድ በአንድ አስተያየሁ። መዲና «ታ»ን ስትጽፍ እግሩን ወደ ግራ በጣም አስረዝማ ትጎትተዋለች፤ የጥያቄዋ ወረቀት ላይም እንደዚያው ነው። ወጥመድ ያልኩት የመዲና ጥያቄ ነበር።

መዝገቡን ገለጥኩ። የዘንድሮውን ከመስከረም ጀምሮ አየሁት። መዲና በየወሩ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቀርታለች፤ በአንድ ወርና በሌላው መካከል ያለውን ስቆጥረው ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ ቀን ይሆናል። ሐኪም አይደለሁም፤ በሽታው ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ግን የሚያማት ነገር እኔ ምዕራፉን ከመጀመሬ ከወራት በፊት እንደጀመራትና ሰው እንደሚያስበው እንዳልሆነ ጠረጠርኩ። ጥርጣሬ ለአንድ ጊዜ እንኳ ለበጎ ሲውል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ተነሥቼ ወደ ኦቦ ከድር ቤት ሄድኩ። አስተዋይ ሰው እንደዚህ አያደርግም። ግቢው ውስጥ አምስት ስድስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። እኔን ሲያዩ የኦቦ ከድር ወንድም ዱላውን ይዞ ተነሣ። ኦቦ ከድር ግን በእጃቸው ምልክት አስቀመጡት።

«ምን ልትወስድ መጣህ?» አሉኝ።

«ልጅዎ ታማለች። አሰላ፣ ሆስፒታል እንውሰዳት ልልዎት ነው የመጣሁት።»

«ሆስፒታል ወስደህ ልታጠፋው ነው?»

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። መናገር ያለብኝ ነገር በአባት ፊት፣ ያውም በሽማግሌ ፊት የሚነገር አልነበረም። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ተናገርኩት፦ «ኦቦ ከድር፣ እናትየዋን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁልኝ። መዲና የወር አበባ አይታ ታውቃለች?»

ወንድምየው እንደገና ተነሣ። ኦቦ ከድር ፊታቸው ጠቆረ። ይመቱኛል ብዬ ስጠብቅ ከቤቱ በር መጋረጃ ወዲያ የሴት ድምፅ በኦሮምኛ አጭር ነገር ተናገረ። ምን እንዳለች አልገባኝም። ኦቦ ከድር ፊታቸውን ወደ መጋረጃው አዙረው ጠየቁ፤ ደግማ መለሰች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። በኋላ እንደሰማሁት፣ «አይታ አታውቅም፤ የምትደብቀኝ መስሎኝ ነበር» ነው ያለችው።

ኦቦ ከድር ከመጋረጃው ወደ እኔ ዞሩ። በመጨረሻም እንዲህ አሉኝ፦ «ነገ ጧት መኪናው አሰላ ይሄዳል። ፖሊሱን እኔ አናግረዋለሁ። አንተም አብረኸን ትሄዳለህ። እንዳልከው ካልሆነ ግን መምህር፣ አብረን አንመለስም።»

ረቡዕ ገና ሲነጋ ተነሣን። መዲናና እናቷ ከሾፌሩ ጎን ገቡ። ኦቦ ከድር፣ ወንድማቸውና እኔ ከኋላ የስንዴ ጆንያ ላይ ወጣን። ወንድምየው በመውረጃው በኩል ተቀመጠ። ዘልዬ እንዳላመልጥ እንደሆነ ገብቶኛል። ጋቢው ውስጥ ደግሞ የሆነ ረዘም ያለ ነገር ይዟል፤ ዱላ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አልቻልኩም። መንገዱ አቧራና ጉድጓድ ነበር። መኪናው በዘለለ ቁጥር ከፊት የመዲና ሲቃ ይሰማል፤ ኦቦ ከድርም በዚያው ቁጥር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

መንገዳችን ላይ ያለችው የአርሲዋ ሮቤ ስንደርስ መኪናው ውኃ ሊጨመርለት ቆመ። ወንድምየው ውኃ ሊቀዳ ወረደ። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ልቤ ሁለት ሆነ። ብተሳሳትስ? የመዝገቡ ቆጠራ እንዲያው በአጋጣሚ የገጠመ ቢሆንስ? ልጅቷ በእርግጥ ነፍሰ ጡር ብትሆንስ? ገበያው ሰው ይርመሰመስበታል፤ ብወርድ ከሰው ጋር ተቀላቅዬ መጥፋት እችል ነበር። ዞር ስል ኦቦ ከድር እያዩኝ ነው። የማስበውን ሁሉ አውቀውታል። ሊይዙኝ ግን እጃቸውን አላነሡም፤ የሚያዩኝ ምን እንደማደርግ ለማወቅ ይመስል ነበር። ባለሁበት ቀረሁ። ጀግና ስለሆንኩ አልነበረም፤ ያቺ ሁለተኛ መስመር ይዛኝ ነው።

አሰላ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ኦሮምኛ የምትናገር አንዲት ነርስ፣ ሲስተር ብርሃኔ የምትባል፣ እናትና ልጅን ይዛ ገባች። እኛ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረን። ኦቦ ከድር ጋቢያቸውን ሣሩ ላይ አንጥፈው ሰገዱ፤ ሰግደው ከጨረሱም በኋላ ብዙ ጊዜ ከተቀመጡበት አልተነሡም። ወንድምየው ከአጠገቤ አልተለየም።

በመጨረሻ ሲስተር ብርሃኔ ወጣችና አባትየው ማን እንደሆኑ ጠየቀች። ኦቦ ከድር ቆሙ።

«አባባ፣ እርግዝና አይደለም» አለቻቸው።

በአማርኛ ተናገረችው፤ ከዚያ በኦሮምኛ ደገመችው። ኦቦ ከድር ሦስተኛ ጊዜ እንድትነግራቸው ጠየቁ። ሲስተር ብርሃኔ ትዕግሥቷ የሚገርም ነበር፤ አስቀምጣ አስረዳቻቸው። ልጅቷ ከተፈጠረች ጀምሮ ደሙ የሚወጣበት በር በስስ ቆዳ ተዘግቷል። ደሙ በየወሩ ይመጣል፤ መውጫ ስለሌለው ውስጥ ይጠራቀማል። ከዓመት በላይ ተጠራቅሞ ነው ሆዷን የነፋው። ሐኪሙ በትንሽ ቀዶ ጥገና ይከፍተዋል፤ ትድናለች፤ ወደፊትም ትወልዳለች። ጥቂት ወር ብትዘገይ ግን ጉዳቱ ከባድ ይሆን ነበር።

ኦቦ ከድር አላለቀሱም፤ አላህን አመሰገኑ። ጥቂት ቆይተው ወደ ነርሷ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሚቆረጠው ነገር ነገ በትዳሯ ላይ ጥያቄ ያመጣል፤ ይህን ሐኪም እንዳደረገው የሚል ማኅተም ያለው ወረቀት ይስጡኝ አሉ። ቀዶ ጥገናው እንዳለቀ ተጽፎ መጣላቸው። አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም ነበር። ወረቀቱን ለእኔ ሰጥተው አንብብልኝ አሉኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው። ሲያልቅ ከእጄ ተቀበሉኝና ጽሕፈት ቤት ወዳለው ጸሐፊ ይዘው ሄዱ። እሱም እንዲያነብላቸው አደረጉ። እኔን ማመን ገና አልቻሉም ነበር። አልፈረድኩባቸውም።

መዲናን ያየኋት በማግስቱ ነው፤ እናቷ ባለችበት ተጠርቼ ገባሁ። ፊቷ ገርጥቷል፤ ግን ሕመሙ ለቋት ነበር። እንዴት ነሽ አልኳት። ደህና ነኝ አለችና ብርድ ልብሱን ትነካካ ጀመር። ሌላውን ልወጣ ስል ነው የተናገረችው።

«ጠይቄዎት ነበር እኮ፣ ቲቸር።»

«አንብቤዋለሁ» አልኩ።

«ታዲያ ለምን ዘለሉት?»

ልዋሻት እችል ነበር። ወረቀቱ ጠፋብኝ ብል ታምነኛለች። «ሌላ ሰው እኔን ለመያዝ የጻፈው መስሎኝ ነው» አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። «ማን?» አለች።

ማንም አልነበረም። አንዲት የታመመች ልጅ ብቻዋን ፈርታ፣ ለእናቷ ለመናገር አፍራ፣ እኔ ባስቀመጥኩት ካርቶን ውስጥ ነፍሷን ከትታ ነበር። ቃል ገብቼላት ነበርና በሩ ጋ ዘግይታ የጠበቀችውም እሷ ነበረች። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ጠላት እቆጥር ነበር።

ወደ ከተማዋ ስንመለስ የጠበቀኝን ነገር ባጭሩ ልንገራችሁ። ፖሊሱ የሐኪሙን ወረቀት አይቶ ነገሩን ዘጋው። ያ ሰርኩላር ፋይሉ ውስጥ ተገኘ፤ ባዶ የነበረው ቦታ ላይ የአቶ ታደለ ፊርማ ነበረበት፤ ቀለሙ ከእኔ ፊርማ ይልቅ የደመቀ ነበር። ምንም አልተናገርኩም። ከከተማው ሰው ግማሹ ወረቀቱ በገንዘብ የተገዛ ነው እያለ ማውራቱን አልተወም። ዓመቱ ሲያልቅ ዝውውር ጠይቄ እዚያው አርሲ፣ ቆላ ያለችው ዴራ ተመደብኩ።

የሄድኩ ዕለት ኦቦ ከድር ሻንጣዬን በመኪናቸው ጫኑልኝ። ሲሰናበቱኝ ያሉትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «መምህር፣ ይቅር በለኝ አልልህም፤ አንተም ይቅር በሉኝ እንዳትለኝ። እኔና አንተ የተጠራጠርነው እርስ በርስ ብቻ መስሎህ ነበር። ሁለታችንም የጠረጠርነው ያቺን ልጅ ነው።» መዲና በመስከረም ወደ ትምህርቷ እንደምትመለስ ነግረውኝ የመኪናውን በር ዘጉልኝ።

ዴራ ላይ ምዕራፉን ከመጀመሬ በፊት በራሴ ወጪ ሻይ አፍልቼ ወላጆችን ሰበሰብኩ። ከተጠሩት የመጡት ጥቂት ነበሩ፤ ከመጡትም ሁለቱ ተቆጥተው ወጡ። ቢሆንም ቀጠልኩ። ማስተማር እስካቆምኩበት ድረስ ከካርቶን የወጣ ጥያቄ ሳልመልስ ቀርቼ አላውቅም፤ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ፤ ለሲስተር ብርሃኔ እጽፍላታለሁ፤ የላከችልኝን መልስ አነብላቸዋለሁ። አንዳንዱ ጥያቄ በእርግጥ ወጥመድ እንደነበር እገምታለሁ። እሱንም መለስኩት። ወጥመድ ውስጥ ብገባ ተጎጂው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አዋቂ ሰው ነኝ።

ጠርጣራነቴ ለቆኛል ብዬ አልዋሻችሁም። የዚያ ዘመን ሰዎች እስከ ዛሬ በር ስንከፍት መጀመሪያ የምናየው ከኋላ ማን እንዳለ ነው። እናንተ ይህን የምታነቡ ወላጆችና መምህራን ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጃችሁ ሆዴን አመመኝ ብላ ስትመጣ፣ «የት ነበርሽ?» ከማለታችሁ በፊት «መቼ ጀመረሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። እኔ ይህንን ሳልጠይቅ ቀርቼ፣ መልሱ ሁለት ወር ሙሉ መዝገቤ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።